የአንደኛዋ መቀስ

እትዬ መቀስን ሰፈሩ የሚያውቃት ከፊቷ ይልቅ በድምጿ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሰው ሁሉ ቁልቁል ሲመለከት የሚታየው የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው። እሷ እግሩ ሥር ተንበርክካ፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ ስለ አየሩም፣ ስለ ጎረቤቱም፣ ስለ ራሱ ስለ ሰውዬው ቦርጭም ሳትሰስት ታወራለታለች። ስፒል የያዘ አፍ አነጋገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቃሉ በጥርስና በከንፈር መሀል እየተንሸራተተ፣ ትንሽ እያፏጨ ይወጣል። በዚያ ላይ "ልብ በሉ እንግዲህ" ሳትል ወሬ አትጀምርም። በዚያ ሰፈር ያንን ድምፅ ከእግሩ ሥር ሰምቶ የማያውቅ፣ "አትነቃነቅ፣ እወጋሃለሁ!" ያልተባለ ሰው ቢፈለግ አይገኝም።

መቀስ የሚለው ስም በምላሷ የወጣላት ነው የሚሉ አሉ። እውነቱን ለመናገር በሁለቱም ነው፤ ምላሷም የሰላ ነው፣ መቀሷም ዝነኛ ነው። ጥቁር እጀታ ያለው፣ እጅ ላይ ከበድ የሚል፣ ወፍራሙን የካፖርት ጨርቅ እንደ ቅቤ የሚሰነጥቅ መቀስ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ኖሯል። ሥራ ስታበቃ ዘይት ትቀባዋለች፤ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አንድ ጊዜ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋዜጣ ቆርጦበት ሳምንት ሙሉ አኩርፋው ነበር። ወረቀት የነካ መቀስ ጨርቅ ያኝካል ትላለች።

ሱቋና የጎረቤቷ ዳቦ ቤት ድሮ አንድ መጋዘን ነበሩ። አከራዩ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፈላቸውና መሀሉ ላይ አንዲት በር ተወ። ያቺ በር ተዘግታ አታውቅም። የዳቦው ምድጃ ሙቀት በበሯ በኩል እየገባ ብርድ አያስጠጋም። የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ጋጋሪዋ ዳቦ የምታወጣበትን ረጅም እንጨት ግድግዳው ላይ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፤ እትዬ መቀስም ሥራዋን አስቀምጣ ትገባለች። ሁለቱ ሴቶች ያረጁት አብረው ነው። የእትዬ መቀስ ባል ሲሞት ጋጋሪዋ ቤቷን ትታ እሷ ጋ ከርማለች። የጋጋሪዋ አባት አልጋ ላይ ሲውሉ ደግሞ ገላቸውን ያጠበችው፣ ጥፍራቸውን የቆረጠችው እትዬ መቀስ ናት። የእትዬ መቀስ ልጆች ሌላ ከተማ ገብተው በስልክ ብቻ ነው የሚገኙት፤ እሱም ሲመቻቸው። ስለዚህ ይህቺ ሴት በዚህ ምድር ላይ የቀረቻት ዘመድ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያለችው ጋጋሪ ብቻ ነበረች።

ጋጋሪዋ ሁለት ኩራት አላት። አንደኛው፣ ከምድጃዋ ያረረ ዳቦ ወጥቶ አያውቅም፤ ደንበኛ እያስተናገደችም፣ እየተጣላችም በአፍንጫዋ ትቆጣጠረዋለች። ሁለተኛው አባቷ ናቸው። አባቷ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ግማሹ ሰፈር ፊደል የቆጠረው በእሳቸው ዘመን ነው። ሲሞቱ የሰፈሩ አዳራሽ በስማቸው ተሰየመ፤ ፎቷቸውም ከመድረኩ በላይ ተሰቅሎ፣ ክራባታቸውን እንዳጠበቁ፣ የሚሰበሰበውን ሰው ሁሉ ቁልቁል ያያሉ።

ጣጣውን ያመጡት የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ረጅም ልጅ ነው፤ አንዷ ቀይ ሻርፕ ከአንገቷ የማይለያት ልጅ ናት። ጥናታቸው በዚህ ሰፈር የመማር ዕድል ያገኘው ማን እንደሆነ፣ የተነፈገውስ ማን እንደሆነ የሚመረምር ነው። ፍትሐዊነት የምትለዋን ቃል ሳያነሱ ዐረፍተ ነገር አይጨርሱም። ደግሞም ጥናታችንን መደርደሪያ ላይ አንተወውም፣ ለሰፈሩ ሰው መልሰን በሰፈሩ አዳራሽ እናቀርባለን ብለው ተነሱ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

ባለ ቀይ ሻርፗ ልጅ የካፖርቷ ገበር ተቀዶ ልታሰፋ መጣች። እግረ መንገዷን ጠየቀች።

"እትዬ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት?"

"የት ልማር ኖሯል? ጨረቃ ላይ?"

"የካባ ልጆችስ አብረዋችሁ ይማሩ ነበር?"

የስፌት መኪናው ቆመ። ካባ የሚባለው ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል ነው፤ ሥሩ የሚኖሩት ድንጋይ ፈላጮች ደግሞ የካባ ሰዎች ይባላሉ። ከሰፈሩ ጋር ሲገበያዩ፣ ሲቀባበሩ ኖረዋል። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ እትዬ መቀስን በዕድሜዋ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጠያቂ ያጣ ነገር ሆድ ውስጥ ሲቆይ ምን ያህል እንደሚያብጥ እሷም አላወቀችም ነበር። ልጅቱ የድምፅ መቅጃዋን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። እትዬ መቀስ መኪናውን እየረገጠች፣ ስፒሏን እንደያዘች፣ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው።

ከጨረሰች በኋላ ግን ደነገጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ በሩ ጠቆመች።

"ስሜን እንዳትጠሩ። ያቺ የሰውየው ልጅ ናት። እህቴ ናት።"

"ስምዎ በፍጹም አይወጣም እትዬ። ቃላችን ነው። 'ተናጋሪ አራት' ነው የምንልዎት።"

"አራተኛ አደረጋችሁኝ? ድሮ እኮ አንደኛ ነበርኩ!" አለችና ሳቀች፤ ካፖርቱንም መርቃ ሰጠቻት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ልጆቹ በግድግዳው ዙሪያ ሰሌዳ አቁመዋል። ከላይ በትልቁ "በየትኛው በር?" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ከዋናው በር አንድ ቀይ ክር፣ ከኋላው በር አንድ ጥቁር ክር ተስቦ ወደ ክፍሎቹ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀመጠ። የካባ ሰዎች፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሙ። ማንም ቁሙ አላላቸውም፤ ተቀመጡም ያላቸው የለም። እትዬ መቀስና ጋጋሪዋ እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ሆነው አንድ ሻል ለሁለት ጉልበታቸው ላይ ጣሉ።

መድረኩን የያዘው የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አንዴ ከጨበጠ የማይለቅ ስለሆነ ጋሽ ማይክራፎን እንለዋለን። ገና ረጅሙ ልጅ አፉን ሲከፍት ነጠቀው።

"መጀመሪያ ማነው የላካችሁ?"

"ማንም አልላከንም ጋሼ፣ የመመረቂያ..."

"በሰላም የሚኖር ሰፈር ነው። ሰው ቆስሏል ያላችሁ ማነው?"

"እውነቱን ነው!" አለ ፊት ለፊት ያለው ወንበር። "ምን በወጣን!"

ረጅሙ ልጅ ላቡን ጠረገ። "እኛ ብዙ አናወራም። ሰፈሩ ራሱ ይናገር። አሁን የምታዳምጡት የተናጋሪ አራት ቃል ነው። ማንነታቸውን ጠብቀናል" አለና ቁልፉን ተጫነ።

"ልብ በሉ እንግዲህ..."

አዳራሹ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረ። ድምፁ እያፏጨ፣ ስፒሉን በከንፈሩ እያንሸራሸረ፣ ከጀርባው የስፌት መኪና ዱግ ዱግ እያለ ቀጠለ። እነዚያ የተማሩ ልጆች ስሟን ደብቀዋል፣ ፎቶዋን አልለጠፉም፣ የሱቋን ቦታ እንኳ አላነሱም። ሰፈር ሰውን የሚያውቀው በድምፁ፣ በሳሉ መሆኑን ግን ማንም አላስተማራቸውም። እትዬ መቀስ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች።

"...የካባ ልጆች በኋላ በር ነበር የሚገቡት፤ በሽንት ቤቱ በኩል። እኛ በዋናው። ለምን ያለ የለም። እኔም አላልኩም፤ ልጅ ነኛ። አራተኛ ክፍል ሳለን አንዲት የካባ ልጅ ነበረች። ጠጠር ነበር የምንላት። ከእናቷ ጋር ድንጋይ ስትሰብር ቆይታ ነው የምትመጣው፣ ፀጉሯ ላይ አቧራ አይጠፋም። እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ብሞት አልደርስባትም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተሩ ክፍል ገቡና የካባ ልጆችን በሙሉ አስነሷቸው። 'ቦታ ጠቧል፤ ለእናንተ እስካሁን የተማራችሁት ይበቃችኋል' አሏቸው። ወጡ። ፈተናው ሲመጣ እኔ አንደኛ ሆንኩ። የአንደኛ ሽልማት መቀስ ነበር። ራሳቸው ዳይሬክተሩ ናቸው የሰጡኝ፤ ሰው አጨበጨበ። ጠጠር በኋላ በር ቆማ ታየኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ የምቆርጠው በሷ መቀስ ነው።"

መኪናው ዱግ ዱግ አለና ድምፁ ተቋረጠ። ጋጋሪዋ ቀና ብላ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ጎኗ ያለችውን ሴት አየች። የሁለታቸውን ጉልበት የሸፈነውን ሻል በቀስታ ወደ ራሷ ሳበችው፣ አጣጠፈችው፣ ይዛው ወጣች። እትዬ መቀስ ጉልበቷን ብርድ ሲነካት ነው የሆነው ሁሉ የገባት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጫጫታ የሚነገር አይደለም።

"ሰውየው ሞተው መልስ በማይሰጡበት ሰዓት!" ይላል ጋሽ ማይክራፎን። "በስማቸው በተሰየመ አዳራሽ!"

"በሰጧት መቀስ መልሳ ወጋቻቸው!" ይላል ሌላው።

"እሷን ማን አስተማራት? ውለታ ቢስ!"

ባለ ቀይ ሻርፗ ልጅ እንባዋ ቀርቦ፣ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ረስታ፣ "ስም እኮ አልጠራንም..." አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚያ ያለ ክፉ ሳቅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም።

እትዬ መቀስ፣ የፊተኞቹ ቢነሱብኝ የኋለኞቹ ያዝኑልኛል ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ዞር ብላ ወደ ካባ ሰዎች ተመለከተች። አንዲት ሴት ከመሀላቸው ወጣች። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የጠጠር ታናሽ እህት።

"አሁን ነው ትዝ ያለሽ?" አለቻት። "እህቴ ሳንባዋ በድንጋይ አቧራ ተበልቶ ስትሞት ቤታችን መጥተሽ ተቀምጠሻል። አልተነፈስሽም። የእናቴን የሐዘን ልብስ የቆረጥሽው በዚያው መቀስ ነው። አልተነፈስሽም። ዛሬ ለማታውቂያቸው ልጆች ተነፈስሽ! እናቴ እኮ ልጄ ሰንፋ ነው ያስወጧት እንዳለች ነው የሞተችው። ሰማሽ? ሰንፋ ነው እንዳለች!"

እትዬ መቀስ፣ ያቺ ለሰው ሁሉ መልስ የማይጠፋባት ሴት፣ ተነስታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ደንበኛ ሁሉ ጨርቁን ሊወስድ መጣ። ያለቀውም፣ ያላለቀውም፣ ገና ያልተነካውም ተጠቅልሎ ወጣ። የጋሽ ማይክራፎን ኮት ገና አንድ እጅጌ ብቻ ነበር የተገጠመለት። "ትንሽ ይታገሱ፣ ሁለተኛውን ልግጠመው" ብትለው እምቢ አለ፤ ኮቱን በብብቱ፣ እጅጌውን በእጁ ይዞ ሄደ። በሩን ሲዘጋ እጅጌው ተይዞበት እንደገና መክፈት ነበረበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ነገር ከጋጋሪዋ ጋር ወር ሙሉ ይሳቅበት ነበር።

ተማሪዎቹም ይቅርታ ሊሉ መጡ። እትዬ መቀስ ሜትሯን ከአንገቷ አውጥታ ወረወረችባቸው።

"እትዬ፣ ከፈለጉ ድምፁን እንሰርዘዋለን" አለ ረጅሙ ልጅ።

"ከሰው ጆሮስ ትሰርዘዋለህ? ውጡልኝ! ታሪካችሁን ይዛችሁ ጥፉልኝ!"

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሱም ነው ያንገበገባት። ኮምፔርሳቶውን ጠቅ ጠቅ የሚያደርገው እንጨት ከእሁድ ወዲህ ዝም ብሏል። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ አልተዘጋም፣ አልተከፈተም። እትዬ መቀስ አጠገቡ ድረስ ትሄድና ተመልሳ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ ጋጋሪዋ ራሷ መጣች። እጇ ላይ ዳቦ አልነበረም። ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ስምሽ አልተጠራም" አለች።

"አልተጠራም።"

"እንግዲያው አንቺ አይደለሽም። እሁድ እንደገና ስብሰባ አለ። ልጆቹ የሰቀሉትን ያወርዳሉ። ጋሽ ማይክራፎን ይጠይቅሻል፤ አንቺ ተነሺና 'እኔ አይደለሁም' በይ። አለቀ።"

"ማን ያምነኛል አንቺ?"

"ማንም አይመንሽ። ውሸት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን በሰው ፊት ለአባባ ያቺን አንድ ቃል በይልኝ። እኔ ሌላ አልፈልግም።" ዐይኗ ቀላ። "ታውቂያቸዋለሽ እኮ። በእጅሽ አጥበሻቸዋል።"

"ጥሩ ሰው ነበሩ" አለች እትዬ መቀስ። ይህን ስትል ከልቧ ነው። "ለኛ ጥሩ ሰው ነበሩ።"

ጋጋሪዋ "ለኛ" የምትለዋን ቃል ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። "ካልሽው ይህቺ በር እንዳለች ትኖራለች። ካላልሽው ግን እርሜን አወጣለሁ" አለችና ገባች።

እትዬ መቀስ ምን ታስብበታለች? ዕድሜዋን የፈጀችው ከዚያች በር ጋር ነው። የሞተች ልጅ አትነሳ፣ እህቷም ቢሆን ከስድብ በቀር የሰጠቻት ነገር የለም። ለማን ብላ? ስፒል ባልያዘ አፏ፣ መስተዋቱ ፊት ቆማ፣ "እኔ አይደለሁም" ማለትን ተለማመደች። ድምጿን ወፈር አድርጋ ሞከረችው፤ ቀጠን አድርጋም ሞከረችው። በሁለቱም ራሷን መሰለች።

እሁድ ደረሰ። ጋጋሪዋ ጎኗ ተቀመጠችና ሻሉን ዘርግታ ሁለቱንም ጉልበት ሸፈነች። የካባ ሰዎች ከኋላ ቆሙ፤ ቁጥራቸው አንሷል። ተማሪዎቹ ከሰሌዳቸው አጠገብ እንደ ተከሳሽ ተደርድረዋል።

"ባለፈው ስለሰማነው ድምፅ" አለ ጋሽ ማይክራፎን፣ "አንዳንድ ሰዎች በአንዲት የሰፈራችን እናት ላይ ሐሜት ነዝተዋል። እስቲ ከራሷ እንስማ። ድምፁ ያንቺ ነው?"

እትዬ መቀስ ተነሳች። "እኔ አይደለሁም" አለች።

ያው ድምፅ ነው። የሚያፏጨው እንኳ በስፒሉ አልነበረም ለካ፣ ፉጨቱ የራሷ ነው። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከፊት ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም የምሥራች እንደ ሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሻሉ ሥር የጋጋሪዋ እጅ እጇን ፈልጎ ያዘና ቁጭ አደረጋት። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መስሏት እትዬ መቀስ በረዥሙ ተነፈሰች።

ጋሽ ማይክራፎን እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሰፈሩ ዛሬም እንደ ድሮው በሆነ። ማቆም ግን መቼ ያውቅበታል!

"ይኸው፣ ሰማችሁ!" አለ። "ተናጋሪ አራት የሚባል ሰው የለም። ተናጋሪው ከሌለ፣ ጠጠር የምትባል ልጅም የለችም። አንደኛ የወጣች የካባ ልጅ በዚህ ትምህርት ቤት ኖራ አታውቅም። ልጆቹ የፈጠሩት ተረት ነው። ይመዝገብልኝ!"

ጭብጨባ ሆነ። የጠጠር እህት ቦርሳዋን ከመሬት አነሳች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ዞረችና በኋላው በር ለመውጣት ተራመደች። የእትዬ መቀስ ዐይን ጀርባዋ ላይ ተተከለ። አረማመዷ የእህቷ ነው። ያን ጊዜም ጠጠር ደብተሯን አቅፋ፣ ሳታለቅስ፣ ልክ እንዲህ ነበር የወጣችው። እትዬ መቀስ መቀሱን ስትሸለምም እንዲህ ተጨብጭቦ ነበር።

"ቆዪ አንቺ!"

መጮኋን ያወቀችው ራሷን ስትሰማ ነው።

"ነበረች! ድምፁ የኔ ነው። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጠጠርም ነበረች፣ አንደኛም ነበረች። ሰንፋ አይደለም የወጣችው! ሰምታችኋል? ሰንፋ አይደለም! አስወጥተዋት ነው!"

ጭብጨባው መሀል መንገድ ላይ ቀረ። የጋጋሪዋ እጅ ከእጇ ወጣ። ሻሉ ሲሳብ እትዬ መቀስ ቁልቁል አላየችም፤ የምታየው የጠጠርን እህት ነው። ምን ጠብቃ እንደነበር እንጃ፤ ምናልባት አንዲት ለስላሳ ቃል። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ዞር አለች።

"መኖሯን እኔም አውቃለሁ" አለቻት። "ምስክርነትሽ ለራስሽ ይሁንሽ።" ወጣችም።

በማግስቱ እትዬ መቀስ ሱቋን ስትከፍት ከኮምፔርሳቶው ወዲያ መዶሻ ይሰማል። ጋጋሪዋ አናጢ አልጠራችም፤ በራሷ እጅ ነው በሩን የቸነከረችው። ምስማሩ አንዳንዱ እየጎበጠባት፣ እየነቀለች፣ እንደገና እየመታች ነው። እትዬ መቀስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ምስማር ድረስ አዳመጠች። የመዶሻው ድምፅ ሲያቆም ሱቁ ቀዘቀዘ።

ተማሪዎቹ ሰሌዳቸውን ከአዳራሹ አወረዱ። ካርታቸውን ግን በትምህርት ቤቱ የኋላ በር ላይ ለጥፈውት ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ተቀዶ መሬት ላይ ተገኘ። የቀደደው ማን እንደሆነ የጠየቀም፣ የተናገረም የለም።

የጠጠር እህት ወደ ሱቁ የመጣችው ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን ነው። ከክሊኒኩ ወጥታ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

"መቀሱን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

እትዬ መቀስ እጇን መቀሱ ላይ ጣል አደረገች። "ምን ታደርጊበታለሽ? መስፋት አታውቂ።"

"ያ ያንቺ ጉዳይ አይደለም።"

"እድሜዬን ሙሉ የሳልኩት፣ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ! እንጀራዬ ነው! በምን ልቁረጥ?"

"እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ሰብራለች" አለች ሴትየዋ። "በምን ትቁረጥ ያላት አልነበረም።"

እትዬ መቀስ ተናደደች፣ ሴትየዋንም ጠላቻት፤ ይህ ይታወቅላት። ከጨርቅ ቁርጥራጮቿ ወፍራሙን መርጣ፣ መቀሱን ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት ቀብታ ጠቀለለችው። ሴትየዋ ጥቅሉን ተቀብላ ደጃፉ ላይ ስትደርስ፣ ሳታስበው አመለጣት።

"ወረቀት እንዳትቆርጪበት!"

ሴትየዋ ዘወር ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "የፈለግኩትን እቆርጥበታለሁ" አለችና ሄደች።

እትዬ መቀስ ከገበያ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያለው መቀስ ገዛች። መቀስ ተብሎ! ጨርቁን ከመቁረጥ ማኘክ ይቀናዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልሄደችበት አይለቅላትም። ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ ዐይናቸውን በጨው አጥበው መመለስ ጀምረዋል፤ ሌላ ልብስ ሰፊ ሩቅ ነው። ጋሽ ማይክራፎንም ባለ አንድ እጅጌ ኮቱን በሰው ልኳል። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ግን የምጣድ መንኳኳት፣ የዱቄት ወንፊት፣ የጋጋሪዋ ሳል ብቻ ነው የሚሰማው። ቃል የለም።

አንድ ጠዋት እትዬ መቀስ ወፍራም ጨርቅ ዘርግታ፣ ስፒሏን ይዛ፣ በቀይ መቀሷ ትታገላለች። ግርጭ፣ ግርጭ፣ ግርጭ። ወዲያ ማዶ ወንፊቱ ቆመ።

"ምንድነው የሚያኝከው?" አለ የጋጋሪዋ ድምፅ። በሩ ከተቸነከረ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ለማን እንደተናገረችው እንኳ አይታወቅም ነበር።

"መቀስ ነው።"

"ያንቺ መቀስ እንዲህ አይልም።"

"ያ የለም።"

ጋጋሪዋ ቀረብ ብላለች፤ ትንፋሿ በምስማሮቹ መሀል ይሰማል።

"የት ሄደ?"

እትዬ መቀስ ጨርቁን አስቀመጠች። "ለአንደኛዋ ሰጠሁት" አለች።

እትዬ መቀስ ጠበቀች። የእርምጃ ድምፅ የለም፣ የወንፊት ድምፅ የለም፤ ጋጋሪዋ እዚያው እንደቆመች ናት። ቀስ እያለ በኮምፔርሳቶው ስንጥቅ የሚያቃጥል ሽታ ገባ፤ መጀመሪያ ስስ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ። ከዚያ ቤት ወጥቶ የማያውቅ ሽታ ነው።

ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣች።

"ዳቦሽ እያረረ ነው" አለች።

ወዲያ ማዶ ማንም አልተንቀሳቀሰም።